በሩ ያልተከፈተላት መኪና

ደባርቅ ላይ እንግዳው የሚባለውን ሹፌር አላውቅም የሚል ሰው ቢገኝ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ጆሮው ደህና አይደለም። ሰውየው ራሱ ጸጥተኛ ነው። ገበያ መሐል ቆሞ ሲያወራ እንኳ ጠጋ ብለው ካላዳመጡት ቃሉ አይያዝም። አገር የሚያውቀው በመኪናው ድምፅ ነው።

መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ቱርቦ፣ ከመሬት የተጣበቀች የስፖርት መኪና ናት። ድሮ ቀይ ነበረች፤ አሁን ፀሐይ ላይ የከረመ በርበሬ መስላለች። የሰፈር ልጆች «እንሽላሊት» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ እውነትም ሆዷን መሬት ለመሬት እየጎተተች ስትሄድ ላያት ሌላ ስም አይመጣለትም። እንግዳው ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ የተመዘዘ፣ ስድሳውን የተሻገረ ሰው ነው። ከእሷ ሲወርድ ያየ ሁሉ ይስቃል። መጀመሪያ አንድ እግር ይወጣል፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ቀጥሎ «እግዚኦ» የሚል ድምፅ፣ በመጨረሻ ሰውየው። ይህ ሁሉ ስቃይ ጠዋት ዳባት ሄዶ የጎሚስታ ቤቱን ለመክፈትና ማታ ደባርቅ ለመመለስ ነው። የሰው ጎማ እየለጠፈ የሚውል ሰው በሚኒባስ ቢመላለስ ማን ይቀየመዋል? ግን ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ የወገብን ምክር አይሰማም።

መኪናዋን የሰጠው ሀብተ ሚካኤል ይባላል፤ አብሮ አደጉ ነው። ሀብተ ሚካኤል ወጣትነቱን ድሬዳዋ በንግድ አሳልፎ፣ እርጅና ሲጫነው መኪናዋን ይዞ ወደ ተወለደበት ደባርቅ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ወገቡ እምቢ አለው። «ስማ እንግዳው» አለው አንድ ቀን ቁልፉን እያንቀጫቀጨ፤ «እኔ እዚች ውስጥ ከገባሁ የሚያወጣኝ ሰው መቅጠር አለብኝ። አንተ ውሰዳት። አንተ እንደሆን መሪ ካልያዝህ ሰው አትመስልም።»

እውነቱን ነበር። እንግዳው አውቶቡስ መንዳት ካቆመ ወዲህ ፊቱ ጠቁሮ፣ እጆቹን የት እንደሚያሳርፋቸው ጠፍቶት ከርሟል። ቁልፉን ሲቀበል ግን ጥርሱ ታየ። ሚስቱ ፋንታዬ ያን ቀን ደጅ ቆማ ታየው ነበር፤ «ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም» ብላ እሷም ሳቀች። በዚያ ቤት እንዲያ ከተሳቀ ቆይቶ ነበር።

ስለ አውቶቡሱ ካልተወራ ስለ እንግዳው ምንም አልተወራም። ያቺን የድሮ ኤንትሬ አውቶቡስ ይዞ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ደግሞ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ሽሬ ድረስ ይመላለስ ነበር። ሊማሊሞን የማያውቅ ሰው መንገድ ማለት ከዚህ እስከዚያ የሚሄድ ነገር ይመስለዋል። ሊማሊሞ ግን እየዞረ ራሱን የሚያይ መንገድ ነው፤ ከላይ ሆነህ የምታየው አስፋልት ገና ልትደርስበት ያለኸው ነው። ያኔ ደግሞ አስፋልት የት አለና፣ ኮረትና አቧራ ነበር። ደባርቅ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ታች ቆላው ሲደርስ ሸሚዙን ይከፍታል፤ ሲመለስ እንደገና ይከናነባል። መሐል ላይ የሚሳለው ስለት ብዛቱ! በግ የተሳለ፣ ጥላ የተሳለ፣ ሁለተኛ እዚህ መንገድ ላይ አልገኝም ብሎ የማለ። በሳምንቱ ያው ሰው ተሳፍሮ ይገኛል።

ሹፌሮቹ በየመታጠፊያው ጥሩምባ ይነፉ ነበር፤ የሚወርደው ለሚወጣው ቦታ እንዲለቅ። እያንዳንዱ ሹፌር የራሱ አነፋፍ ስለነበረው ሰዎች ሳያዩት ማን እንደሆነ ይለዩታል። የእንግዳው ሁለት አጭርና አንድ ረዥም ነበር፤ ረዥሙን ጫፉ ላይ ያዝ ያደርገዋል። ገደሉ ተቀብሎ ይመልስለታል። ረዳቱ ደርቤ የጎማ ታኮውን ታቅፎ በር ላይ እንደተንጠለጠለ «ጋሼ፣ ተራራው አቤት አለዎት!» ይለው ነበር። እንግዳው ዛሬም ጎማ ሲነፋ ብቻውን የሚፈግገው ይቺን እያስታወሰ ነው። ያ መስመር በጦርነቱ ሲዘጋ የአውቶቡሷ ባለንብረት ሸጣት፤ ደርቤ ወደ መተማ ሄደ፤ እንግዳው ዳባት ላይ ኮምፕሬሰር ገዝቶ ጎሚስታ ከፈተ። በአንድ ክረምት አንድ ዘመን አለቀ።

አንድ ልማድ ግን አልተወም። ከዳባት በኩል ሲመጡ፣ ደባርቅ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ኪዳነ ምሕረት አለች። ሹፌር ሁሉ እዚያ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ተሳልሞ ያልፋል። እንግዳው ግን ጎንበስ ብሎ የሚያበቃ ሰው አይደለም። እግሩን ከነዳጁ ላይ ጨርሶ ያነሣል፤ በስመ አብን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይላል፤ መኪናው በቁልቁለቱ በራሱ ቀስ እያለ ይንከባለላል። አሜን ሲል እግሩ ይመለሳል። ደርቤ ድሮ «ጋሼ፣ ኪዳን ሊያደርሱ ነው ወይስ እንሂድ?» እያለ ይቀልድበት ነበር። ተሳፋሪዎቹ ግን ወደዱት፤ ሊማሊሞን የወጣ ሰው ለአንድ በስመ አብ የሚሆን ጊዜ አያጣም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ወረድ ብሎ የእነእንግዳው ግቢ ነው። ፋንታዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ በእግር በምትረገጥ የልብስ ስፌት መኪና የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። እንግዳው በአውቶቡስ ዘመኑ ሁሉ በገዛ በሩ ላይ ጥሩምባ ነፍቶ አያውቅም። ከኪዳነ ምሕረት ወርዶ ሲደርስ የቆርቆሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ፋንታዬ በትከሻዋ ክር እንደተንጠለጠለ አንዱን የበር ክንፍ ይዛ ቆማ ያገኛታል። በመንገዱ ስንት መኪና ያልፋል፤ ለሌላ ተሳስታ ከፍታ አታውቅም። ጎረቤታቸው ይመኙሻል «ይቺ ሴት ምን ጉድ ናት?» እያለች ትገረም ነበር። እንግዳው አፍ አውጥቶ አይናገር እንጂ በዚህ ይኮራል። የኤንትሬዋን ጉርምርምታ ከሌላው ለይታ ታውቀዋለች ብሎ አምኗል። ሚስት ማለት ድምፅህን ከሺህ ድምፅ የምትለይ ናት ይል ነበር ለሀብተ ሚካኤል።

እንሽላሊቷ ከመጣች ወዲህ ግን በሩ ዝግ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን አልገረመውም፤ አዲስ ድምፅ ነው፣ ጆሮዋ እስኪለምድ ነው አለ። ወር አለፈ፤ ክረምቱም ወጣ። አሁንም ከዳባት ይመጣል፣ በሩ ዝግ ይሆናል፣ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ቆየት ብላ ትመጣለች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ፊቷ ገርጣ ብሎ፣ ፈገግ ብላ «መጣህ?» ትለዋለች። እሱም «መጣሁ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። አርጅታ ጆሮዋ ደክሞ ይሆን? ወይስ መጠበቁ ሰልችቷት? የመጀመሪያውን እያሰበ ያዝናል፤ ሁለተኛው ሲመጣበት ደግሞ ሌሊቱን ይገላበጣል። ልጠይቃት ይልና «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይተወዋል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ባለትዳር አልነበረም መሰለኝ። ባልና ሚስት መሐል ያደረ ዝምታማ እንዴት አድርጎ ይነቅዛል!

ነገሩን የባሰ ግራ ያደረገበት እንሽላሊቷ እንዲያውም ከኤንትሬዋ በላይ የምትሰማ መሆኗ ነው። ኪዳነ ምሕረት ጋ ደርሶ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሣ ከኋላዋ ጣ! ጣጣ! ጣ! ትላለች። ሀብተ ሚካኤል «ቱርቦዋ ስትስቅ ነው» ብሎ ነግሮታል፤ እንግዳውም ይህን ሳቅ ወደደው። የመጀመሪያ ቀን መግቢያው ኬላ ላይ ያለው ወታደር መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ተነሥቶ ሲያይ እሱ መሆኑን አውቆ ተሳድቦ ስቋል። ከዚያ ወዲህ ለምደውት «አባባ፣ ዛሬም እየተኮሱ ነው?» እያሉ ያሳልፉታል። ለእንግዳው ያ ድምፅ የሊማሊሞ ጥሩምባ ምትክ ነበር። አሁንም የሚያሰማው ነገር እንዳለው የሚነግረው እሱ ነው።

እና አሰበ፤ ፋንታዬ ካልሰማች ድምፁ ይጨመር። ጎንደር ጋራዥ የምትሠራ የእህቱ ልጅ አለች፤ ሕሊና ትባላለች። ላፕቶፕ ከመኪና ሞተር ጋር አገናኝታ የምታነጋግር ልጅ ናት። ደወለላት። በሚቀጥለው እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በሚኒባስ ደባርቅ ደረሰች።

እንሽላሊቷ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ሕሊና ላፕቶፗን ኮፈኑ ላይ ዘርግታ፣ ገመዱን ከመሪው ሥር ሰክታ፣ ሞተሩን አስነሥታ ጥቂት ጊዜ አየችው። ፋንታዬ ውስጥ ሆና ስትሰፋ የመርገጫው ድምፅ ይሰማል። ሕሊና ወደ አጎቷ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኮ የራሷን አእምሮ ትታ ሌላ ሰው የሚነግራትን ነው የምትሰማው። ነዳጅና አየሯን የሚመጥን ኮምፒውተር ከፋብሪካ ይዛ መጥታለች፤ ደህና ነው። ጋሼ ሀብተ ሚካኤል ደግሞ ድሬዳዋ እያሉ በላዩ ላይ ቺፕ አስገጥመዋል። ቺፑ የድሬዳዋን አየር ብቻ ነው የሚያውቀው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ እሱ ግን ያንኑ ነዳጅ ያፈስሳል።»

«አሃ፤ ቆላ ለምዳ ደጋ የመጣች ናታ» አለ እንግዳው። «እኛም ድሮ ሽሬ ሰነባብተን ስንመለስ እንዲሁ ያደርገን ነበር።»

ሕሊና ሳቀች። «ትርፉ ነዳጅ ሳይቃጠል ይወጣና ጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ይነድዳል። እግርዎን ሲያነሡ የሚፈነዳው እሱ ነው። ሳቅ አይደለም፤ ቃር ነው።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ቺፑን አውጥቼ የፋብሪካውን ኮምፒውተር ለደባርቅ አየር እንደገና ልጻፍልዎ። ዳገት ላይ ይበረታታል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ እግርዎን ሲያነሡም ነዳጁን ቆርጦ ዝም ይላል። እኔን ከጠየቁኝ እሱ ነው። ኮምፒውተሩን ከነጭራሹ በአዲስ መቀየርም ይቻላል፤ ጉልበቱ የጉድ ነው። ሲበላሽ ግን እዚህ የሚነካው የለም፤ አዲስ አበባ ድረስ በጭነት መሄዷ ነው።»

እንግዳው ጉሮሮውን ጠረገ። የፈለገው ከሁለቱም ውስጥ አልነበረም። «ድምፁን የሚጨምርስ የለም? ፍንዳታውን?»

ሕሊና የሰማችው ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ፊቱን አየችው። «አለ። ጎንደር ውስጥ ሆን ብለው እሱን አስጽፊልን የሚሉኝ ጎረምሶች አሉ። እርስዎ ግን ጎረምሳ አይደሉም ጋሼ።»

«እሱን አድርጊልኝ።»

«ቱርቦውን ያቃጥልብዎታል!»

«ቱርቦ ይቀየራል» አለ እንግዳው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ቤቱ አየ። «ስሚ ልጄ። እትዬሽ ድሮ ገና ኪዳነ ምሕረት ስደርስ በሩን ትከፍትልኝ ነበር። አሁን አትከፍትልኝም። ወይ ጆሮዋ ደክሟል፣ ወይ ልቧ። ጆሮዋ እንደሆን ልወቀው።»

ሕሊና ልትስቅ ነበር፤ ዓይኑን ስታይ ተወችው። ይህ አገር ያንቀጠቀጠ የሊማሊሞ ሹፌር የሚፈራው የአንድ ቆርቆሮ በር መዘጋት ነው። «እሺ» አለች። «ሁለቱንም ጽፌ ልያዝ። መጀመሪያ የእርስዎን እንሞክረው፤ ካልሆነ የኔን እጭናለሁ።»

ተስማሙ። እንግዳው አንድ ነገር ጨመረ፤ እሷ ነድታ እስከ ኬላው ትሂድና ትመለስ፣ ኪዳነ ምሕረት ጋ እንደ እሱ እግሯን ታንሣ፣ እሱ ቤት ቁጭ ብሎ ፋንታዬ መስማት አለመስማቷን ያያል። ወደ ኬላው ልጆች ደወለና የእህቱ ልጅ መኪናዋን እየሞከረች እንደምትመጣ ነገራቸው። ወታደሮቹን እንዳይደነግጡ ማስጠንቀቅ ትዝ አለው።

ሕሊና ድምፅ የሚጨምረውን ጭና ስትወጣ በሩን ራሱ ዘጋው፤ ከዚያም ገብቶ ከፋንታዬ ኋላ ባለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠ። መኪናዋ የእሱ ከሆነች ወዲህ ስትመጣ ቤት ሆኖ ሰምቷት አያውቅም። እንዴትስ ይሰማታል? ሁልጊዜ ውስጧ ነው።

ፋንታዬ ሰማያዊ ኮት እየሰፋች ነበር። «ልጅቱ ብቻዋን ወጣች?» አለች ሳትዞር።

«ልትሞክራት ነው፤ አሁን ትመለሳለች።»

እግሯ መርገጫውን እየረገጠ፣ መርፌው እየተንቶሰቶሰ ቆዩ። ከሩቅ የእንሽላሊቷ ሞተር ተሰማ። እንግዳው የሚስቱን አንገት ሲያይ መርገጫው ቀስ ማለቱን አስተዋለ። እየሰማች ነው! ደስታው ፊቱ ላይ ደረሰ። ጆሮዋ ደህና ነው፣ ልቧም ደህና ነው፤ አሁን ተነሥታ ልትከፍት ነው።

ጣ! ጣጣጣ! ጣጣ! ጣ!

ፋንታዬ ከወንበሯ ጠፋች። ኮቱ መርፌው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንግዳው «መርፌ ወደቀብሽ እንዴ?» ብሎ ጎንበስ አለ። መርፌ አልነበረም። ፋንታዬ በስፌት መኪናዋና በግድግዳው መሐል ተንበርክካ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ራሷን ከጠረጴዛው ሥር አድርጋ ነበር። አንድ እጇ ጆሮዋ ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከጉልበቷ ሥር የታጠፈ ጆንያ ተነጥፏል። ጆንያው የሁለት ጉልበት ጎድጓዳ ይዟል።

ውጭ ሞተሩ ጠፋ። ፋንታዬ ትንሽ ቆየች፤ ረዥም ተነፈሰች። ከዚያ መሬቱን ተደግፋ ተነሣች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። እንግዳው በየማታው የሚያየውን ፈገግታ ፊቷ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እዚያ መኖሩን ረስታው ነበር። ፈገግታው እንደተጀመረ ቀረ።

«ፋንታዬ» አለ እንግዳው።

«ምንም አይደል» አለች ቶሎ ብላ። «ልጅቱን እንዳናስቆማት፤ በሩን ልክፈትላት።»

«ትቁም። ይኸ ምንድን ነው? ጆንያው ምንድን ነው?»

ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እጇን ኮቱ ላይ አድርጋ ተናገረች። «ያ ክረምት፣ ተኩሱ ወደ ዳባት የተጠጋ ጊዜ፣ አንተ ጎንደር መንገድ ተዘግቶብህ ቀርተህ የለም? እኔ እዚሁ ሥር ነው የከረምሁ። ይኸ ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ሌላው ጭቃ ነው። ተኩስ ስሰማ ወደዚህ፣ ሲቆም ወደ ሥራዬ። ለመድሁታ።»

«ነግረሽኝ አታውቂ!»

«ደህና መጣህ፤ አለፈ ብዬ። ኋላ ይቺ መጣች።» ወደ ደጁ በአገጯ አመለከተች። «አንተ መሆንህን አውቃለሁ። የመጀመሪያ ቀንም አውቄያለሁ። እኔ ሳውቅ ጉልበቴ ግን አያውቅም። እስኪነገረው ድረስ ወርዷል። ቢያመኝ ጊዜ ጆንያውን አነጠፍሁለት።»

እንግዳው ራሱን ያዘ። ወታደሩ፣ የጦር ሰው፣ መሣሪያ የያዘው፣ መሬት ላይ ሲደፋ አይቶ ስቋል። ለእሱ ደውሏል። የገዛ ሚስቱ ግን አንድ ቀን ትዝ አላለችውም። በየማታው ወደ ቤቱ የመጣ እየመሰለው ጦርነቱን ይዞላት ሲመጣ ከርሟል። ዛሬ ደግሞ ይጨመር ብሎ ጎንደር ድረስ ሰው አስጠራ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

«ምነው ዝም አልሽኝ?» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አልደበቀውም።

«ምን ልበልህ? አውቶቡሷ ከሄደች ወዲህ ሰው አልነበርህም። ሀብተ ሚካኤል ቁልፉን ሲሰጥህ ጥርስህን አየሁት። እሱን ልቀማህ? የኔ ጉልበት ትንሽ ቢወርድ ምን አለበት፤ ሆድ ይፍጀው አልሁ።»

«እኔ እኮ በሩን ያልከፈትሽልኝ ሰልችተሽኝ መስሎኝ ነው።»

ፋንታዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። መጀመሪያ የምታለቅስ መሰለው፤ ስትስቅ ነው። «አንተ ሰውዬ» አለች፤ «ሊማሊሞን ያን ያህል ዓመት የወረድኸው በዚህ ጭንቅላት ነው?» ከዚያ ግን እውነትም አለቀሰች። እሱም ዱካውን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። የሰፋችውን ሰማያዊ ኮት ከመርፌው አላቅቆ እንዳይጨማደድ አጠፈው፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር አጥቶ።

ሕሊና ከውጭ «እትዬ! ጋሼ! ኧረ ክፈቱልኝ!» ስትል ነው ትዝ ያለቻቸው። እንግዳው ወጥቶ ከፈተላት።

«ሰማች?» አለችው ከመቀመጫዋ ሳትወርድ።

«ሰማች» አለ። «የኔን አጥፊው፤ ያንቺን ጫኚ። ቺፑንም አውጪልኝ፤ ለሀብተ ሚካኤል እመልስለታለሁ፤ ድሬዳዋ ሲናፍቀው ይየው።»

ሕሊና የሆነውን አልጠየቀችም፤ ፊቱን አይታ የሚበቃትን ያህል ገባት። ቺፑን ነቅላ የራሷን ጫነች፤ ኬላው ድረስ እየነዳች፣ እየተመለሰች፣ ቁጥሩን እያስተካከለች ስትሠራ ከሰዓት በኋላው አለቀ። ማታ ፋንታዬ የሠራችውን ሽሮ በልታ በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ ጎንደር ሄደች። ስትሰናበት «ጋሼ፣ ዳገት ላይ ይወዷታል፤ ኪዳነ ምሕረት ጋ ግን ጠፋችብኝ ብለው እንዳይደነግጡ» አለችው።

ሰኞ ዳባት ዋለ። ያን ቀን ጎማ የለጠፈላቸው ሰዎች ጋሼ እንግዳው ዛሬ አሳብ ገብቶታል አሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ነበር የሚከነክነው። እንሽላሊቷ ዝም ካለች ደግሞ ፋንታዬ በምን ትሰማዋለች? በፍንዳታው አትደንግጥ እንጂ በሩ ዛሬም ዝግ መሆኑ ነው። ቢሆንም ግድ የለም አለ፤ ዝግ ይሁን። ወርጄ ራሴ እከፍተዋለሁ፤ ጉልበት ካስፈለገ የኔ ይታጠፍ።

ማታ ወደ ደባርቅ ሲመለስ ልጅቷ ያለችው እውነት ነበር፤ ዳገቱን እንሽላሊቷ ሳታጉረመርም ወጣችው። ኬላው ላይ ያለው ወታደር ጆሮውን ሊይዝ እጁን አንሥቶ ጠበቀ፤ ምንም ሲያጣ «አባባ፣ ጥይት አለቀብዎ?» አለው። «አለቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ እንግዳው።

ኪዳነ ምሕረት ደረሰ። እግሩን ከነዳጁ አነሣ።

ምንም አልተሰማም። መኪናዋ በቁልቁለቱ ቀስ ብላ ተንከባለለች። ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ ሰማው፤ በቅጥሩ ውስጥ ያሉት ጽዶች ሲንሿሿ ሰማ። በስመ አብ ሲል የገዛ ድምፁን ሰማው፤ መኪናዋ የእሱ ከሆነች ወዲህ በፍንዳታው ተውጦ ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ነው። በኤንትሬዋ ጊዜ እንዲህ ነበር። ደርቤ በር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ተሳፋሪው ሁሉ አፉን ዘግቶ፣ አንዳንዱ እያማተበ፣ ያ ትልቅ አውቶቡስ ቀስ ብሎ በራሱ ሲወርድ። ከጥሩምባው ሁሉ የናፈቀው ይህ እንደነበር አሁን ገባው። አሜን አለና እግሩን መለሰ።

መታጠፊያውን ሲዞር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፋንታዬ በትከሻዋ ክር እንደተንጠለጠለ አንዱን ክንፍ ይዛ ቆማለች።

እንግዳው መግባቱን ረስቶ በሩ ላይ ቆመ፤ መስኮቱን አወረደ። «በምን ሰማሽኝ? ድምፅ እኮ የላትም!»

«አንተን መቼ በድምፅ አውቄህ አውቃለሁ» አለች ፋንታዬ። «ሌላው መኪና እያጉረመረመ ያልፋል። አንተ ኪዳነ ምሕረት ስትደርስ ዝም ትላለህ። አንተ እግርህን ስታነሣ እኔም ከመርገጫዬ አነሣለሁ፤ አብረን እናማትባለን። አሜን ስል ልከፍትልህ እነሣለሁ። ያኔም እንዲሁ ነበር።»

ፋንታዬ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አየችውና «ግባ እንጂ፤ ብርድ አስገባህብኝ» አለችው፤ የበሩን ሌላ ክንፍም ገፋ አድርጋ ከፈተችለት።